የቁልፍ ሠሪው ሚስት ፍቺ

ሸሚዝ ስትተኩስ ሁልጊዜ ከኮሌታው ትጀምራለች። ከጣሳው ውኃ በጣቶቿ ጫፍ ትረጭበትና ካውያውን ከኮሌታው ጫፍ ወደ መሐል ትገፋዋለች፤ ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ እንደገና ወደ መሐል። «ከመሐል ወደ ጫፍ ከገፉት ይጨማደዳል፣ እማማ» ትለኛለች። ኮሌታው ሲያልቅ ትከሻው፣ ቀጥሎ እጅጌው፣ መጨረሻ ላይ ደረቱና ጀርባው። ካውያ ስትይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም። ይህን መጻፌ በሌላው ጊዜ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው። ብርጭቆ ስታነሣ ሻዩ ይፈስባታል፤ በሯን ልትከፍት ስትሞክር ቁልፉ ብረቱን እየነካ ሲንቀጫቀጭ ከኔ ክፍል ድረስ ይሰማኛል።

የምትሠራው ከዋናው መንገድ ዳር ባለው ላውንደሪ ነው። ሰፈርተኛው «ተኳሿ» ይላታል፤ አዲስ ሰው ስሟን ሲሰማ ክው ይላል። ባለ ላውንደሪው ደግሞ «ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ትውላለች፣ እስካሁን የሞተብን ሰው የለም» እያለ ደንበኛ ያስቃል። እኔ አከራይዋ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ካለችው ትንሽ ክፍል ትኖራለች፤ ልጆቼም የልጅ ልጆቼም በሩቅ አገር ናቸውና እንደ ልጄ ነው የማያት።

አንድ ቀን መጋረጃዬን ልወስድ ሄጄ፣ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጇን እያየሁ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ዘርግታለች። ቀና ብላ በመስኮቱ መስታወት ወደ መንገድ አየችና ካውያው ኮሌታው ላይ ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ጭሱ። ተነሥቼ እጇን ከነካውያው ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከመንገዱ ማዶ ንጹሕ ቱታ የለበሰ፣ መልከ መልካም ሰው፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። እሷን አልነበረም የሚያየው። የላውንደሪውን በር ቁልፍ ነበር የሚያየው።

ባሏ ነው። ፍርድ ቤቱ «አስቡበት» ብሎ ጊዜ የሰጣቸው ሰሞን ነበር።

ሰውየው ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ከገበያው መግቢያ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችው። ከተማው ይወደዋል። ቁልፍ ጠፍቶበት ደጅ የቀረ ሰው ሲጠራው ምሳውን አቋርጦ ይመጣል፤ ከሽማግሌና ከአሮጊት ዋጋ አይቀበልም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማ የለም። እኔም ብሆን መንገድ ላይ ሳገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ግን ከውስጥ የሚቆለፍ በር አልነበረም። ይህን የነገረችኝ ልትከራይ መጥታ ክፍሏን ስታይ ነው። የበሩን መቀርቀሪያ ደጋግማ እየገፋች፣ እየመለሰች፣ «ይህ ከውስጥ ይዘጋል?» አለችኝ። «ታዲያ በር ምን ሊያደርግ ኖሯል!» አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። በተጋቡ ሰሞን የመኝታ ቤቱን መቀርቀሪያ ነቀለ፤ «በባልና ሚስት መካከል ምን የሚዘጋ ነገር አለ?» ብሎ። ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱን። ወደ ሥራ ሲወጣ ደግሞ እሷን ከውጭ ይቆልፍባታል፤ «ሌባ በዛ፣ ለራስሽ ብዬ ነው» ይላል። ላውንደሪ የምትገባበት ሰዓት ሲደርስ መጥቶ ይከፍትላታል፤ ስትወጣ እሱ ቆሞ ይጠብቃታል። ሰው ሲያይ «እንዴት ያለ ባል!» ይላል።

ዕረፍቷ በሆነ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤታቸው ማድ ቤት ተቃጠለ። ጭሱ በኮርኒሱ በኩል ወደ እሷ ገባ። በሩን ደበደበች፤ ጎረቤቱ ከውጭ ቢታገልም በሩ የቁልፍ ሠሪ በር ነው፣ አልበገር አለ። በመጨረሻ የመስኮቱን ብረት በመዶሻ ገንጥለው አወጧት። መሬት ላይ ተቀምጣ ስትስል ባሏ እየሮጠ ደረሰ። አልፏት ሄዶ በሩ ፊት ተንበረከከ፣ ቁልፉን በጣቱ ዳሰሰና ዞር ብሎ «ይህን ማን ነካው?» አለ።

«ያን ጊዜ ነው፣ እማማ፣» ትላለች፣ «ከዚያ ጭስ ያልወጣሁ መስሎ የተሰማኝ።»

ፍቺ እንዴት እንደሚጠየቅ ከሁለታችንም የሚያውቅ አልነበረም። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ፤ እሱ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን አስተካክሎ ጥያቄ ጀመረ።

«ይመታሻል?»

«አይመታኝም።»

«ይጠጣል?»

«ኧረ አይጠጣም።»

«ውሽማ ይዟል?»

«አይመስለኝም።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «እህቴ፣ ባልሽን ልትፈቺው ነው ወይስ ልታስሸልሚው ነው የመጣሽው?»

ተነሥታ ልትሄድ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ። «ንገሪው» አልኳት። ስለ መቀርቀሪያዎቹ ነገረችው። ስለ ጭሱ ነገረችው። መነጽሩ ቀስ እያለ ወደ ዓይኑ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

«ስሚኝ፣» አላት። «ለፍቺው ብለሽ ምክንያት አትፈልጊ። ሁለታችሁ ብትስማሙ በስምምነት ይፈርሳል። አንቺ ብቻ ከፈለግሽም ማመልከቻ ታስገቢያለሽ፤ ‹መረረኝ፣ አልፈልግም› ማለት ይበቃል፣ ለምን ተብለሽ አትገደጂም። የጋብቻ ወረቀትሽን አያይዢ። መጥሪያ ይወጣል፣ እሱ ይቀርባል፣ ዳኛዋ ሁለታችሁንም ታነጋግራለች፣ እንድታስቡበት ጊዜ ትሰጣለች። ጊዜው ሲያልቅ አንቺ ካልተመለስሽ ትፈርዳለች። ንብረት ካላችሁ ለብቻው ይታያል። ምክንያትና ማስረጃ የሚያስፈልግሽ አጠገቤ አይድረስ ብለሽ ትእዛዝ ስትጠይቂ ነው። ምስክር አለሽ?»

«ምስክሬ በሩ ነው።»

«በር አይምልም፣ እህቴ።»

ማመልከቻው ገባ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መጥሪያውን ማኅተም አድርጎ በመስኮቱ በኩል ሰጣትና «አድርሺለት፤ አልቀበልም ካለ ፖሊስ ይዘሽ ትሄጃለሽ» አላት። ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋችው። ከእሷ ተቀብዬ ቆሜ አነበብኩት። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነውና ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፤ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ስጨርስ አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩና «እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ።

ሱቁ ስደርስ ለአንዲት ሴት ትልቅ የበር ቁልፍ ጠግኖ እያስረከበ ነበር። ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ቆለፈው፣ ደግሞ አዙሮ ቆለፈው። «ሁልጊዜ ሁለት ዙር፣» አላት። «አንድ ዙር የሰነፍ ነው።» ሴትዮዋ መርቃው ሄደች። ወደ እኔ ዞረ፤ መጥሪያውን ተቀበለ፣ አነበበ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፈረመልኝ። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ከኋላው የሱቁ ሳንቃ በር በነፋስ ሲጢጥ አለ። ፊቱን አጨማደደ፣ የዘይት ጣሳውን አንሥቶ ማጠፊያው ላይ አንጠባጠበ፣ ጩኸቱ እስኪጠፋም በሩን ወዲያ ወዲህ ገፋው። «ይቅርታ፣ እማማ፤ የሚጮህ በር ጥርሴን ያመኛል» አለኝ።

መጀመሪያ በቀረቡ ቀን ዳኛዋ ለየብቻ አነጋገረቻቸው። እሱ «ሚስቴን እወዳታለሁ፤ ጊዜ ይሰጠን» አለ። ጊዜ ተሰጠ፤ ሕጉ ነው። ኮሪደሩ ላይ አጠገባችን ሲያልፍ እንደ ምሥጢር ዝቅ ብሎ «የምትኖሪበት ቤት ደህና ቁልፍ አለው?» አላት። ሸሚዙ የተቃጠለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሸሚዙ በኋላ ሌላው መጣ። ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ሥር የተወችው ወንበር ወደ በሩ ዞሮ አገኘችው፣ ሰው ተቀምጦ ሲጠብቃት የቆየ ይመስል። ሌላ ቀን ፎጣዋ ታጥፎ። የጠፋ ነገር የለም። ራሷን ተጠራጠረች፤ «አእምሮዬ ይሆን እንዴ፣ እማማ?» ትላለች። ቁልፏ ሁለተኛው ዙር ላይ አልዞር ስለሚላት አንድ ዙር ብቻ ነበር የምትቆልፈው። እናም አንድ ምሽት ስትገባ አንድ ጊዜ አዞረች፣ አልከፈትም አላት። ደግማ አዞረች፣ ተከፈተ። ይህን ስትነግረኝ የሱቁ ዘይት የሸተተኝ መሰለኝና ተቀመጥኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ጎልማሳ ጨዋ ሰው ነበር፣ ብዕሩን አዘጋጅቶ «ምን ጠፋ?» አለ።

«ምንም።»

«ምን ተሰበረ?»

«ምንም አልተሰበረም።»

«ታዲያ ምን አደረገ?»

«ፎጣዬን አጠፈው።»

ጓደኛው ከወዲያኛው ጠረጴዛ «እኛም ቤት ይላኩልን!» አለ። ተረኛው ሳቁን ዋጠ። «እናት፣» አለኝ ለእኔ፣ «ማስረጃ ስታገኙ ኑ።» ስንወጣ ክንዴን አጥብቃ ይዛ ነበር።

አናጢ ጠራሁ፣ አዲስ ቁልፍ አስገባ። ጉረኛ ሰው ነው፤ መሣሪያውን እየሰበሰበ «ይህን የሚከፍት ቁልፍ ሠሪ አልተወለደም» ብሎኝ ሄደ። በሩን ትንሽ ወደ ላይ ካላነሡት አይቆለፍም፤ እሱ ግን «አዲስ ስለሆነ ነው» አለ።

የግቢዬ በር የብረት ነው፣ ያረጀ። ከድሮ ጀምሮ ይጮሃል። ሰው ሲገባ የማውቀው በእሱ ነው፤ ከጩኸቱ ማን እንደመጣ እንኳ እለያለሁ፣ ችኩሉ አጭር፣ ዕቃ የያዘ ረጅም። አንድ ከሰዓት ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ ገፋሁት። ተከፈተ። ድምፅ የለም።

እዚያው ቆምኩ። መለስ አድርጌ ደግሜ ገፋሁት። እንደ ጨርቅ ነው የተከፈተው። ማጠፊያውን በጣቴ ነካሁ፤ ጣቴ ላይ የመጣው ዘይት አዲስ ነበር፣ አቧራ እንኳ አልያዘውም። የገዛ ግቢዬ ውስጥ መግባት ፈራሁ። ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እሷ ከሥራ እስክትመጣ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

አብረን ገባን። አዲሱንም ቁልፍ የምትቆልፈው አንድ ዙር ነበር፤ በሯን ከፈተች፣ ሁለት ዙር። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም በቦታው ነው። ትራሷ ላይ አንድ ቁልፍ ተቀምጧል፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ። የድሮው ቤቷ ቁልፍ ነው፤ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ያልተሰጣት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልመለስ፣ እማማ። መዝገቡን ላስዘጋው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እዚያ ብሆን ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ ግን በሌለበት ሁሉ አለ።»

ፍራሼን ጎትቼ አመጣሁና ከበሯ ጀርባ አነጠፍኩ። «እስከ ቀጠሮው ብቻ ቆዪልኝ፣» አልኳት። «ከዚያ ትመለሻለሽ ካልሽ ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ አደርስሻለሁ።»

«እርስዎ? የገበያ ዘንቢልዎን መሸከም እንኳ አቅቶዎት!» አለችና በእንባዋ መሐል ሳቀች። ቆየች።

የቀጠሮው ቀን የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነበር፤ እሱና እኛ የምንለየው በአንድ ሰው መቀመጫ ነው። ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ግጥም አድርጎ ለብሷል። ሸሚዙ በደንብ አልተተኮሰም ነበር፣ ኮሌታው ጫፍ ላይ ተጨማዷል። እሷም ያንኑ ስታይ አየኋት።

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጠች። «የማሰቢያው ጊዜ አልቋል። አመልካች፣ አሁንም ፍቺውን ትፈልጊያለሽ?»

ዓይኗን ከተጨማደደው ኮሌታ አላነሣችም። ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። እሱ ወደ መሬት እያየ፣ ከንፈሩ ዳር ላይ የፈገግታ ነገር ታየኝ።

«ተናገሪ፣ ልጄ» አለች ዳኛዋ።

«እፈልጋለሁ» አለች። ድምፅዋ ከማነሱ የተነሣ የችሎት ጸሐፊዋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። «እፈልጋለሁ!» አለች ደግማ፣ አሁን ጮኻ። «ደግሞ እንዳይመጣብኝ እፈልጋለሁ። እየገባ ነው።»

ዳኛዋ ወደ እሱ ዞረች። «ተጠሪ፣ ወደ መኖሪያዋ ሄደው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ከሱቄና ከቤቴ በቀር የት እሄዳለሁ? ያ ግቢ በየት በኩል እንዳለም አላውቅም።» እንዲህ ረጋ ብሎ ሲናገር እኔ ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝም።

እኔ ምስክር ነበርኩ። ማልኩ። ያየሁትን ተናገርኩ፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሁለት ዙሩ፣ ስለ ትራሱ፣ ስለ ግቢዬ በር ዝምታ። ሲነገር እንዴት ትንሽ ነገር ይመስላል! ጸሐፊዋ እንኳ መጻፏን ቀስ አደረገች። ዳኛዋ «ቁልፉ ብልሽት ይኖረው ይሆን?» አለችኝ።

ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ የማውቀውን ነው የመለስኩት። «አዲስ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ያስገባው አናጢ ራሱ ‹ይህን የሚከፍት ቁልፍ ሠሪ አልተወለደም› ብሎኛል።»

ከጎናችን የንቀት ሳቅ ተሰማ።

«አናጢ!» አለ ባሏ። «እሱ ደግሞ ሙያተኛ ሆኖ ነው? የመቃኑን ቀዳዳ ከፍ አድርጎ ነው የፈለፈለው፤ በሩ ካልተነሣ የቁልፉ ምላስ አይደርስም። የቁልፉን ሲሊንደር ደግሞ ገልብጦ ነው የከተተው። ያን በር ሕፃን ልጅ በሹካ ይከፍተዋል! እንኳን እኔ...»

ንግግሩን አቋረጠ። ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የጸሐፊዋ ጣት ብቻ ነው፤ አሁን በፍጥነት ትጽፍ ነበር።

«ተጠሪ፣» አለች ዳኛዋ፣ «ግቢው በየት በኩል እንዳለ አላውቅም ብለውኝ ነበር።»

«ሰው... ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ማን?»

እጆቹን አያቸው።

ያኑ ዕለት ጋብቻው ፈረሰ። ወደ መኖሪያዋም ወደ መሥሪያ ቤቷም እንዳይደርስ ትእዛዝ ተሰጠ፤ ግልባጩ ለፖሊስ ጣቢያው ሄደ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሷን አላያትም። ለእኔ ግን በዚያው ለስላሳ ድምፁ «እማማ፣ ያ አናጢ በርዎን አበላሽቶብዎታል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሁሉ ነገር በጣም ያስፈራኝ ይህ ነው። አዝኖልኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ የግቢውን በር ማጠፊያ በላምባ፣ ቀጥሎ በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብነው። «ሰው በሩን ዘይት ይቀባል፣ እኛ ዝገት እንለምናለን!» አለች እጅጌዋን ሰብስባ እየፈተገች። ዝናቡ ሲገባ በሩ እንደ ድሮው መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያውን ጩኸት ስንሰማ ሁለታችንም ከየክፍላችን ወጥተን ተያየን።

ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው። ሰው ዛሬም ይመርቀዋል። እሷ ከሥራ ስትመለስ በሯን እየከፈተች «አንድ!» ብላ ትጣራለች፣ እኔ ከውስጥ «እሰይ!» እላለሁ። በቅርቡ አንድ ምሽት በሩ ጮኸ፣ እርምጃዋም ተሰማኝ፣ «አንድ» ግን አልመጣም። ስወጣ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆማለች። «ሁለት ነው፣» አለች። «ጠዋት ቸኩዬ ነበር። እኔ ልሁን አላውቅም፣ እማማ። እኔ ልሁን አላውቅም።» ትእዛዙን ይዘን ሄድን፣ በዚህ ጊዜ ፖሊሶቹ መጡ፣ ፈተሹ። ምንም አልተገኘም። እሷ ትሁን እሱ እስከ ዛሬ አናውቅም። በማግስቱ ሥራዋ ሄድኩና አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አየኋት። ካውያውን ከኮሌታው ጫፍ ወደ መሐል ትገፋለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኗ ግን መስታወቱ ላይ ነው።

ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንዲት ሴት መጥታ «ሰው ቤቴ ገብቶ ነበር» ብትላችሁ፣ እባካችሁ ምን ጠፋ ብላችሁ አትጠይቋት። ጫማችሁን አድርጋችሁ አብራችኋት ሂዱ፤ በሯን ስትከፍትም አጠገቧ ቁሙላት።